ልጃችሁን ደሴ ለማስተማር ላሰባችሁ

ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ልጆቹን ይዤ ደሴ ልገባ ነው፣ ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። ስለ ክፍያው ትጠይቃላችሁ፣ ስለ እንግሊዝኛው ትጠይቃላችሁ። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ማን ቆሞ ልጆቹን እንደሚያይ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ከአሜሪካ ስንመለስ ልጄ አራተኛ ክፍል ገባ። «ጠ» አይወጣለትም። ጠረጴዛን «ተረፔዛ» አለ፤ በሳምንቱ ስሙ ተረፔዛ ሆኖ አረፈው። እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለቱን ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደህና ነው። አሜባ ይሆናል ብለን ሰገራ አስመረመርን፤ ምንም የለም። አንድ ማታ መገናኛ ደብተሩን ገለጥ ሳደርግ፣ የክፍል ኃላፊዋ ከሦስት ሳምንት በፊት «በእረፍት ሰዓት ከክፍል አይወጣም፤ እባክዎ ያነጋግሩን» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ፊርማ አለ። የኔው ነው። ሳላነብ ነበር የምፈርመው።

በነጋታው ግቢው ውስጥ ገብቼ ጮህኩ። አንዱ መምህር የሚያሾፉበትን ልጆች ጠርቶ መዳፋቸውን በማስመሪያ ገረፈ። ትምህርት ቤት ውስጥ የአካል ቅጣት እንደማይፈቀድ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ አለ። ያን ጊዜ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ አንጀቴ ራሰ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ቁልቁለቱ ላይ ጠብቀው ቦርሳውን ቦይ ውስጥ ጣሉበት።

ሁለተኛ ስሄድ ረጋ ብዬ ነው። ኃላፊዋ የመቀመጫ ቦታ ቀየረችለት፤ የዋናውን ልጅ እናትም አስጠራች። እኛ አገር «ወላጅ አምጣ» ቅጣት ነው፤ ሴትየዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፈራ ተባ እያለች ገባች። «ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ የኔውንም አምና ከገጠር ስንመጣ ባላገር እያሉ ያስለቅሱት ነበር» አለችኝ። ዱላ እንዳይኖር ተስማማን። ለሁለት ሳምንት እሷና ባለቤቴ እየተፈራረቁ ልጆቹን ከበር ተቀበሉ። ስልክም ተለዋወጥን። ስድቡ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ እየሳሳ ሄደ።

እናንተ ታዲያ ጠብ እስኪነሳ አትጠብቁ። መስከረም ላይ ከክፍል ኃላፊው ጋር ተዋወቁ፣ የወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። አንድ ቀን መቀላለድ የልጅ ነገር ነው። እየተደጋገመ ልጁ መመለስ ካቃተው ግን ጨዋታ አይደለም፤ ቀኑንና የሆነውን ጽፋችሁ ያዙ። ፌስቡክ ላይ የሰው ልጅ ስም ይዛችሁ አትውጡ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ዞሮ ልጃችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጁን አያቱ ጋ ትታችሁ የምትመለሱ ደግሞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት እረፍት ሲደወል ዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው። ደውዬ እደርሳለሁ አትበሉ። አክስት ትሁን አጎት፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠራው አንድ ሰው አስመዝግቡ። መገናኛ ደብተሩንም አርብ አርብ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ።