ጅቡቲ ድሮም ወደባችን ነበረች እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ጎንደር አራዳ የቤት እቃ ሱቅ አለኝ፣ ፍሪጅ አዝዤ ሁለት ወር አለፈኝ፣ አስመጪው ጋ በደወልኩ ቁጥር "ጅቡቲ ቆሟል" ነው መልሱ። ድሮም ወደባችን እሷ ነበረች? ደሞ ዝናብ የሌለው ሀገር ከኛ ቀረጥ ሌላ በምንድነው የሚኖረው?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ቀረጡን የምትከፍለው ለራሳችን ጉምሩክ ነው፣ ጅቡቲ የምትወስደው የወደብ አገልግሎቱንና እቃው በቆመ ቁጥር የሚቆጥረውን ኪራይ ነው (እሱም በዶላር ስለሆነ ያማል)።

ድሮም ወይ ላልከው፣ ለጎንደር በፍፁም! ያንተ ከተማ ወደብ ምፅዋ ነበረች፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነጋዴዎች ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ወርቁን ጭነው በአድዋ አድርገው እዛ ይወርዱ ነበር፣ ሌላው መንገድ በመተማ ወደ ሱዳን ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ በ1636 (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጅቡቲ የሚባል ከተማ ጭራሽ የለም። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የገዙት ከባህረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን ኦቦክን ነው፣ በ1862፣ ወደ ጅቡቲ የዞሩት 1888 አካባቢ መርከብ የሚያስጠጋ የተሻለ ቦታ ስላገኙና ወደ ሀረር ለሚሄደው ሲራራ ስለሚቀና ነው። ከዛ ምኒልክ በ1894 ባቡሩን ፈቀዱ፣ ሀዲዱ 1902 ድሬዳዋ፣ 1917 አዲስ አበባ ገባ፣ ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ይሄው ነው።

ያም ሆኖ ኋላ ላይ ዋናው በራችን አሰብ ነበር፣ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ባንዴ ጅቡቲ ላይ ወደቀ፣ ይኸው እስካሁን አብዛኛው እቃችን በዛው ነው።

በምን ትኖራለች? ቦታዋን በማከራየት ነዋ። ባብ ኤል መንደብ (የቀይ ባህር መግቢያ) አፍ ላይ ስለተቀመጠች ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2017 ጀምሮ ደሞ ቻይና ሁሉም የጦር ካምፕ አላቸው። ፍራንኳ ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177 ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል፣ የኛን ብር አታንሳው። እርሻ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ ሽንኩርቱም ጫቱም ከኛ ነው የሚሄደው። ጫቱ ቀትር ላይ ሲገባ ነው ማየት፣ ሴቶቹ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይደረድሩታል፣ በሙቀት የፈዘዘው ከተማ በሙሉ ነፍስ ይዘራል።

ፍሪጅህን በተመለከተ አስመጪውን በአፍ አትመነው፣ ሰነዱን አሳየኝ በለው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶም ሊሆን ይችላል፣ ከሞጆ ጎንደር ያለው መንገድ ደሞ የጅቡቲ ጥፋት አይደለም።