«ደራሲ፡ከበደ» ሲባል የማያጣራው የፍለጋ ሳጥን

ጥያቄ፦ ለመጻሕፍት መደብር በኖድ ጄኤስ (በጃቫስክሪፕት) የፍለጋ ሳጥን ሠርቻለሁ፤ የተጻፈውን የሚተነትነው «ሰርች ኵዌሪ ፓርሰር» የሚባል ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ነው። እኔ በኮምፒውተሬ «ደራሲ:ከበደ» ብዬ ስጽፍ በትክክል ያጣራል። ደንበኞች በስልክ ሲጽፉት ግን አያጣራም፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ እርስዎና ደንበኞችዎ የምትጽፉት ነጥብ አንድ አይደለም። የእርስዎ ኮለን (:) በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ቁጥሩ 58 ነው፤ ከአማርኛ ኪቦርድ የሚወጣው ሁለት ነጥብ (፡) ግን 4961 ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ። ላይብረሪው በጽሑፉ ውስጥ 58ን ካላገኘ ትንተና አይጀምርም፤ የተሰጠውን እንዳለ በስትሪንግ (በተራ ጽሑፍ) ይመልሳል። ኮድዎ ኦብጀክት (በቁልፍ ቃል የተከፋፈለ ውጤት) ጠብቆ «ደራሲ»ን ሲጠይቅ የሚያገኘው አንዲፋይንድ (ምንም ዋጋ የሌለው) ነው፤ የሚቆመውም ያንን ሊጠቀምበት ሲሞክር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተመለሰው ስትሪንግ መሆን አለመሆኑን ይፈትሹ። ኮለን የሌለው ተራ ፍለጋም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ጽሑፉ ለላይብረሪው ከመሰጠቱ በፊት ነጥቡን ይቀይሩ። ሁሉንም ሁለት ነጥብ በጅምላ ወደ ኮለን መቀየር ግን ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቃላትን በሁለት ነጥብ ለይቶ «የገበሬ፡ልጅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ። መቀየር ያለበት ከሚታወቅ ቁልፍ ቃል (ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመት) ቀጥሎ የመጣው ብቻ ነው። ሰው «፦»ንም ስለሚጠቀም 4966ን አብረው ያስገቡ።

ቁልፍ ቃሉን በሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ ቀመር) ሲፈልጉ የቃል ወሰን ምልክቱን (ባክስላሽ ቢ፣ \b) አይጠቀሙ። በጃቫስክሪፕት ይህ ምልክት የግእዝ ፊደልን እንደ ፊደል አይቆጥርም፤ የዩኒኮድ ፍላግ (u የሚለውን አማራጭ) ቢጨምሩም ያው ነው። ስለዚህ ከክፍት ቦታ ቀጥሎ ያለውን «ደራሲ» ፈጽሞ አያገኝም። በምትኩ «የጽሑፉ መጀመሪያ ወይም ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ካለ የመቀነስ ምልክት (ከውጤቱ አስወጣ ማለት ነው)፣ ከዚያ ቁልፍ ቃሉ» ብለው ይጻፉት።

ነጠላ ሰረዝን (4963) ወደ ተራ ኮማ፣ «»ን ወደ ተራ ጥቅስ ይለውጡ። አንዱን ምልክት በአንድ ምልክት ብቻ ከተኩ ላይብረሪው የሚመልሳቸው የቦታ ቁጥሮች አይዛቡም፤ የተገኘውን ቃል በቀለም ማሳየት ከፈለጉ ይህ ያስፈልግዎታል።

ነጥቡ ከተስተካከለ በኋላም «ኀይሉ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሃይሉ»ን አያገኝም። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሱ። በዩኒኮድ የፊደላቱ ርቀት ቋሚ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፦ ከሐ 16፣ ከኀ 128፣ ከዐ 48 ይቀንሱ፤ ለሠ 16 ይደምሩ፤ ከፀ 8 ይቀንሱ። ይህን የሚያደርጉት ከግእዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባት ቅርጾች ላይ ብቻ ነው፤ ሗ ላይ 16 ቢቀንሱ የሚወጣው ኋ ሳይሆን ሇ ነው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይጠቅልሉ። ይህ ሥራ በፍለጋው ላይ ብቻ ከተደረገ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል፤ በዳታቤዙ የተቀመጡት ስሞችና ራሳቸው ቁልፍ ቃላቱም በዚያው ፈንክሽን ማለፍ አለባቸው። አለበለዚያ «ዓመት» ወደ «አመት» ተቀይሮ ከዝርዝርዎ ጋር አይገናኝም።

አንድ ደራሲ ሲጠየቅ ስትሪንግ፣ በኮማ የተለዩ ሁለት ሲሆኑ አሬይ (ዝርዝር) ነው የሚመለሰው፤ ሁልጊዜ አሬይ እንዲመጣ «ኦልዌይስ አሬይ» የሚለውን አማራጭ ያብሩት። «ዓመት»ን በሬንጅ (ከ–እስከ በሚል ክልል) ካስመዘገቡ ደግሞ «1950-1960» በሰረዙ ላይ ይከፈላል፤ ሙሉ ቀን የሚያስገቡ ከሆነ በቀኑ ውስጥ ሰረዝ ሳይሆን እዝባር (/) ይጠቀሙ።