ለእናትሽ የተባለው የስቴም ሴል ዱቄት

እህቴ፣ ከለገጣፎ የጻፍሽው ጥያቄ ይህ ነው፦ እናትሽ በካንሰር ምክንያት የታይሮይድ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ አሁን ሰው መጥቶ «ዕጢውን መልሶ የሚያበቅል የስቴም ሴል ዱቄት አለ፣ ኪኒኑን ያቁሙ» ብሏቸዋል። ዱቄቱን አትግዙ። የወጣውን ዕጢ ሆርሞን የሚተካላቸውን ኪኒንማ በጭራሽ እንዳያቆሙ።

ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ጥሬ ሕዋስ፣ ራሱ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የብራሰልስ ተመራማሪዎች በአይጥ ፅንስ ስቴም ሴል ውስጥ ኤንኬኤክስ2-1 እና ፓክስ8 የሚባሉ ሁለት ጂኖችን አስነስተው፣ ቲኤስኤች የሚባለውን ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን ጨምረው፣ ሆርሞን የሚሠራ የታይሮይድ ሕዋስ አሳድገዋል። ዕጢዋ የማይሠራ አይጥ ላይ ሲተክሉትም ሠርቷል። በ2022 በሰው ስቴም ሴልም ተሳክቶላቸዋል፤ ግን ከላቦራቶሪ አልወጣም። ለታይሮይድ የጸደቀ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በአፍ የተዋጠ ሕዋስ ደግሞ ሆድ ውስጥ እንደ ሽሮው ይፈጫል።

ታዲያ ሰው ለምን ይታለላል? ታይሮክሲን፣ ኪኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን፣ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ኪኒኑን ትቶ ዱቄቱን የጀመረ ሰው አሥር ቀን ያህል ደህና ይሆንና «ሠራልኝ» ይላል። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የፊት እብጠቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። የከፋው የማይታየው ነው፦ ሆርሞኑ ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፤ ቲኤስኤች የተረፈ የካንሰር ሕዋስ ካለ ይቀሰቅሰዋል። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ እንደ ስቴም ሴል ወደ ጥሬነት ተመልሰው አዮዲን መሳብ ያቆማሉ፤ ያኔ የተረፈውን ካንሰር ለማጥፋት የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲንም አያገኛቸውም።

ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጥ፤ ቡናም ቁርስም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ካልሲየም ታዞላቸው ከሆነ በመካከሉ 4 ሰዓት ይኑር፤ የብረት ኪኒንም እንዲሁ። አብረው ከተዋጡ ታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ያስሩታል፤ ሐኪሙም ሳያውቅ መጠኑን ይጨምራል። መጠን ከተቀየረ ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መለካት ብር ማባከን ነው። ለፀጉር የሚወሰድ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ካለ ከምርመራው 2 ቀን በፊት ይቁም፣ ውጤቱን ያዛባል። ኪኒኑን ከማሸጊያው አታውጡት፤ በቆርቆሮው ጣራ ሥር የሚግል መደርደሪያ ላይም አይቀመጥ። መንገዱ ሩቅ ነውና ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ ስትገዙ የማይክሮግራሙን ቁጥር ከድሮው ካርቶን ጋር አስተያዩ።

በጾም እስከ ቀትር ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ማታ ራት ከበሉ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መውሰድ ይችላሉ።