ያንን የምግብ ጠረጴዛ ከመሸጥዎ በፊት ገልብጠው ይዩት

ጥያቄው ከአዲስ አበባ ነው። አንዲት እህታችን ከአያታቸው የምግብ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና አንድ ቡፌ ወርሰዋል። ቤተሰቡ “የጃንሆይ ዘመን ዕቃ ነው” ይላል። አንድ ገዢ ደግሞ “አሮጌ እንጨት ነው” ብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠርቷል። እንጨቱ ምንድን ነው? ስንት ያወጣል? አስልጌ ቫርኒሽ ላስቀባው ወይ? ይላሉ።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እባክዎ አያስልጉት። ዓመታት ያጠቆሩት የእንጨቱ መልክ አንዴ ከተላገ አይመለስም። ላዩ ቪኒየር፣ ማለትም በሌላ ሳንቃ ላይ የተለጠፈ ስስ እንጨት ከሆነ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱ በስቶት ያልፋል። ጥሩ ጥሩ ዕቃ በዚህ ሲበላሽ ሳይ ያመኛል።

አሁን ሁለት ሰው ይዞ ጠረጴዛውን ብርድ ልብስ ላይ ይገልብጠው። ላዩ ተቀብቷል፣ ተወልውሏል። ሆዱ ግን አይዋሽም። የማይታይ ጥግ ፈልገው በምላጭ ትንሽ ይፋቁት። ቢጫ ቡናማ ሆኖ ቀዳዳዎቹ በዓይን ከታዩና ለመጠኑ ቀለል ካለ ዋንዛ ሳይሆን አይቀርም። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መስመሩ እምብዛም የማይለይ ዝግባ ነው። ሲፋቅ የሚሸት፣ ቀላ ያለ ከሆነ ጥድ ነው። ከባድና ጥቁር ዥንጉርጉር ያለበት ወይራ ነው።

ከዚያ ጠርዙን ይዩ። ሙሉ እንጨት ከሆነ ላዩ ላይ ያለው መስመር ጫፉ ላይ ታጥፎ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ድንገት ከተቆረጠ፣ ወይም በጎን በኩል ንብርብር ከታየ፣ ቪኒየር ወይም ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሳንቃ) ነው። የቡፌው ጀርባ ኮምፔንሳቶ ቢሆን ግን አይደንግጡ፤ በድሮ ቡፌም የተለመደ ነው።

ዕድሜውን የሚነግርዎ የቡፌው መሳቢያ ነው። አውጥተው ማዕዘኑን ይመልከቱ። ሁለቱ ሳንቃዎች ጥርስ አውጥተው ተቆላልፈዋል? ጥርሶቹ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ካሉና የመሮ ጭረት ከታየባቸው በእጅ የተሠራ ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ የማሽን ሥራ ነው። ብሎኖቹንም ይዩ። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በዓለም ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚህ እስኪለመድ ደግሞ ቆይቷል። ስለዚህ በእሱ የተሠራ ዕቃ ከዚያ አይቀድምም። ግን አንድ ብሎን አይተው አይፍረዱ፣ ለጥገና የገባ ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ላይ የሌላ ብሎን አሮጌ ቀዳዳ ካለ ተቀይሯል ማለት ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዕድሜ ብቻውን ብር አያመጣም። እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው፦ ፎቶና ልኬት ይዘው ሁለት ሦስት የእንጨት ሥራ ቤት ይሂዱ። “ይህንኑ በሙሉ ዋንዛ ብትሠሩልኝ ስንት?” ይበሉ። መልሱ ያስደነግጥዎታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ስለከለከለ ሰፊ ሳንቃ እንደ ልብ አይገኝም። ከሰሙት ዋጋ ላይ የጥገናውን ይቀንሱ። የሚተርፈው የመደራደሪያ መነሻዎ ነው። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ግን የገዢው ዋጋ ከእውነት ብዙም አልራቀ ይሆናል።

ስድስቱ ወንበር አንድ ዓይነት ከሆነ ከጠረጴዛው ለይተው አይሽጡ። ሙሉ ስብስብ የሚፈልግ ገዢ ለጎደለ ነገር ያንኑ አይከፍልም።

ነቀዝ መኖሩንም ያረጋግጡ። ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፈው ጥቂት ሳምንት ይተዉት። አዲስ ዱቄት ከወረደ ነፍሳቱ ገና አሉ። ከሌሎች የቤት ዕቃዎች ያርቁትና መድኃኒት ያስደርጉለት።

የሚወዛወዝ ወንበር ካለ ምስማር አያስመቱበት፤ መጋጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። የድሮው ሙጫ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ከሆነ በሞቀ ውሃ ይለቃል። አናጺው ፈትቶ፣ አሮጌውን ሙጫ አጽድቶ፣ በአዲስ ኮላ አጣብቆ እስኪደርቅ አጥብቆ ይሰረው።