ኤሲው በሌሊት ቢቆም ሂሳቡን እንዴት አስቀድመን እንገምት?

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤታችን ኤሲ እኩለ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዝ አቆመ። የደወልንለት ባለሙያ በስልክ አንድ ዋጋ ነገረን። ሠርቶ ሲጨርስ ግን «ጋዝ ሞልቻለሁ» ብሎ እጥፉን ጠየቀን። ለሌላ ጊዜ ግምቱን ራሳችን ማውጣት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የመምጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን ሳትዘጉ ጠይቁ፦ መምጫው ምርመራውን ይጨምራል? የሌሊት ሥራ በስንት ይባዛል? ትንሹ የሚታሰብ ሰዓት ስንት ነው? የሌሊትና የበዓል ሥራን በአንድ ተኩል ወይም በሁለት እጥፍ ማስላት የተለመደ ነው።

ለምሳሌ የቀኑ የሰዓት ዋጋ 100፣ መምጫው 80 ይሁን። ሌሊት በ1.5 ተባዝቶ ከ2 ሰዓት በታች የማይታሰብ ከሆነ፣ ሥራው 20 ደቂቃ ቢፈጅም 80 ሲደመር 300፣ ማለትም 380 ትከፍላላችሁ፤ የዕቃው ዋጋ ገና አልተጨመረም። ያው ሥራ ሲነጋ በቀኑ ዋጋ የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ተብሎ ቢታሰብ 80 ሲደመር 100፣ ማለትም 180 ነው። ቤት ውስጥ ሙቀት የሚጎዳው ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ከሌለ እስኪነጋ መታገሥ ያዋጣል።

ከመደወላችሁ በፊት ብሬከሩንና ፊልተሩን እዩ። ብሬከሩ አንዴ መልሳችሁት ዳግም ከወደቀ ሌላ አትሞክሩ። የውስጠኛው ክፍል በረዶ ከጋገረ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ማራገቢያውን ብቻ አስኬዱ። በረዶው ሳይቀልጥ በትክክል መለካት አይቻልም፤ ባለሙያው ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ደግሞ በእናንተ ላይ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጋዙ። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚዞረው። ካነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። የውጭው ክፍል መለያ ላይ የጋዙ ዓይነትና መጠን ተጽፏል፤ ለምሳሌ «አር-32፣ 0.90 ኪ.ግ»። ቧንቧው ከተለመደው ርዝመት ካልበለጠ በቀር እንዲህ ላለው ኤሲ 1.5 ኪሎ ሞላሁ የሚል ሂሳብ ትክክል ሊሆን አይችልም። ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ይቀመጥ፤ ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ሙሉው ሥራ ቀዳዳውን መፈለግ፣ መጠገን፣ በናይትሮጅን ግፊት መፈተሽ፣ ቫኩም ማድረግ (በቧንቧው የቀረውን አየርና እርጥበት፣ ግፊቱ ከ500 ማይክሮን በታች እስኪወርድ በፓምፕ መምጠጥ)፣ በመጨረሻም መዝኖ መሙላት ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል። ቀዳዳው ሳይገኝ የተጨመረ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል፤ ዳግም ያስከፍላችኋል።

የውጭው ክፍል እየጮኸ ማራገቢያው ካልዞረ በመጀመሪያ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ይለካ። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለመቀየርም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «35 ማይክሮፋራድ፣ ±5%» የሚል ካፓሲተር ከ33.25 እስከ 36.75 ማንበብ አለበት፤ 26 ካነበበ ሞቷል። ይህ ሳይለካ «ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ዋናው ሞተር) ተቃጥሏል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። እናንተ ግን አትክፈቱት፤ መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ጥያቄ፦ በጋዝ የሚሠራው የቤት ማሞቂያ ቦይለራችን በብርድ ሌሊት ቆመ። ባለሙያው «በአዲስ ይቀየር» አለን። እንመነው?

መልስ፦ የጋዝ ሽታ ካለ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ ውጡ፣ ከውጭ ደውሉ።

ይህ ከሌለ የግፊት መለኪያውን እዩ። በቀዝቃዛነቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር አካባቢ መሆን አለበት፤ በጣም ከወረደ ብዙ ቦይለሮች አይነሱም፤ ውኃ ማሟላት ይበቃቸው ይሆናል። ተለኩሶ በሴኮንዶች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የነበልባል ዳሳሹ (እሳቱ መያዙን የሚያረጋግጠው ዕቃ) ጥላሸት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማጽዳቱ ቀላል ሥራ ነው። ሙቀት ማስተላለፊያው (የእሳቱን ሙቀት ወደ ውኃው የሚያሻግረው ክፍል) ተሰንጥቋል ካለ ስንጥቁን ያሳያችሁ። እውነት ከሆነ ቦይለሩ ይዘጋ፤ የዚያን ሌሊት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እለፉት። የመቀየሪያውን ዋጋ ግን ሌሊት አትስማሙ፤ ሲነጋ ሌሎች ሁለት ባለሙያዎች አይተው ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይተው ይጻፉላችሁ።