ያስተማርሽው ልጅ አለቃሽ ሲሆን

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራት ሙያ) ተምሬ ሦስት ዓመት አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቻለሁ። በሳተላይት ምስል የጣናን እምቦጭ የሚከታተል የአምስት ሰው ቡድን እመራ ነበር። ፕሮጀክቱ ካለቀ ስምንት ወር ሆነው። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶኛል፤ ግን በተራ ባለሙያነት ነው። የቡድኑ መሪ ደግሞ ሥራውን እኔ ራሴ ያስለመድኩት ልጅ ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል። የቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ እናቴ ግን “ሰው ምን ይላል?” ትላለች። አጎቴ ባንክ አስገባሻለሁ ይላል። ማስተርስም አስቤ ነበር። ከሁሉ ከሁሉ ግን ለብቻዬ መሥራት ነው ያማረኝ። የፊልም ጀግናዋን ካፒቴን ማርቨልን በጣም ነው የምወዳት። እሷ ለማንም አትታዘዝም፤ ብቻዋን ህዋ ላይ ትበራለች፤ ወደ ታች ወርዳ አታውቅም። እኔስ ለምን እወርዳለሁ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔ ግን አንዱ ላይ ነው የምቆየው። «ወደ ታች ወርዳ አታውቅም» ያልሽው ላይ።

ወርዳለች። ያውም ደጋግማ።

ያየሽው የ2019ኙን ፊልም ብቻ ከሆነ አልፈርድብሽም። እኔ ታናሽ ወንድሜ ከውጭ በመጣ ቁጥር የኮሚክ መጽሔት በሻንጣ ያመጣልኝ ስለነበር የካሮል ዳንቨርስን፣ የካፒቴን ማርቨልሽን፣ ታሪክ ከሥሩ አውቀዋለሁ። እስቲ እንደ አንድ ሠራተኛ የግል ማኅደር እንግለጠው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

በ1968 መጀመሪያ ስትታይ ምንም ልዩ ኃይል የላትም። የአየር ኃይል መኮንን ናት፤ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ የጸጥታ ኃላፊ። በ1977 ኃይል አግኝታ ሚስ ማርቨል ተባለች። ያኔም ቢሆን ቀን ቀን የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆና ነበር ደመወዝ የምትበላው። በ1979 አቬንጀርስ የሚባለውን የጀግኖች ቡድን ተቀላቀለች። በ1981 ሮግ የምትባል ሴት ኃይሏንም ትዝታዋንም ነጠቀቻት። የገዛ ሕይወቷን ትዝታ! ባዶ እጅ ማለት ይኼ ነው። በ1982 እንደገና ተነሣች፤ ባይነሪ በሚል ስም የኮከብ ያህል ኃይል ይዛ ወደ ህዋ ወጣች። አንቺ «ብቻዋን» የምትይው ዘመን ይኼ መሰለኝ። ግን ያኔም ብቻዋን አልነበረችም። ስታርጃመርስ ከሚባሉ የህዋ ሽፍቶች ጋር በአንድ መርከብ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያ ኃይል ደከመ። ካሮል ወደ ምድር፣ ወደ ቡድኗ ተመለሰች። በ1998 ስሟን ዋርበርድ ብላ እንደገና ከአቬንጀርስ ጋር ተሰለፈች። የድሮ ሰው ናት፣ ህዋ ያየች ናት፣ ሁሉም ያከብራታል። እሷ ግን ኃይሏ መቀነሱን ለማንም አልተናገረችም። እንደ ድሮዋ መስላ ለመታየት ትታገል ነበር። መጠጥ ጀመረች። ሥራ ላይ መሳሳት መጣ። በመጨረሻ ጓደኞቿ ሸንጎ ተቀመጡ፤ ደረጃዋ ዝቅ እንዲልም ወሰኑ። ምን አደረገች መሰለሽ? ከምወርድ ብላ ጥላ ወጣች።

አየሽ? አንቺ አሁን የቆምሽው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ከወጣች በኋላ ጀግና አልሆነችም። ይበልጥ ወደቀች። ያነሣት የቡድን ጓደኛዋ ቶኒ ስታርክ ነው፤ እሱም በመጠጥ የተፈተነ ሰው ነበር። አመነች፣ እርዳታ ተቀበለች፣ ወደ ቡድኑ ተመለሰች። «ካፒቴን ማርቨል» የሚለውን ስም የያዘችው በ2012 ነው። ከሸንጎው 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ አልፋ ፍላይት የተባለው፣ ምድርን ከህዋ የሚጠብቅ ጣቢያ አዛዥ ሆነች። አንቺ የምትወጃት ካፒቴን የወረደችዋ ሴት ናት።

ቡድን ሁልጊዜ ትክክል ነው እያልኩሽ አይደለም። በ1981 እዚያው አቬንጀርስን ፊት ለፊት ቆማ «ስቸገር የት ነበራችሁ?» ያለቻቸው እሷው ናት፤ ልክም ነበረች። ቡድን ይበድላል። ያኔ ስሙን ጠርተሽ መናገር ነው። አንቺን ግን ማንም አልበደለሽም። ፕሮጀክት አለቀ፤ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። አንቺ ቤት በተቀመጥሽባቸው ስምንት ወራት ልጁ ሠራ፣ አደገ። ያሳደግሽውም አንቺ ነሽ።

ይኼን የምልሽ ከመጽሔት ብቻ አይደለም። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የቀያሾች ቡድን መሪ ነበርኩ። አዲስ መዋቅር መጣ ተባለና ቦታዬ ታጠፈ። የቅየሳ መሣሪያውን፣ የቴዎዶላይትን፣ አያያዝ ያሳየሁት ልጅ መሪ ሆነ፤ እኔ በሥሩ ባለሙያ ሁን ተባልኩ። ደሜ ፈላ። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባሁ።

ሁለት ዓመት ለብቻዬ ሠራሁ። ሥራ አልጠፋም፤ በበጋ በተለይ ነበር። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው። የሚያርመኝ ሰው አጣሁ። አንድ ሰውዬ ይዞታውን አስለካኝ። መነሻ ነጥቡን ተሳስቼ ያዝኩ። ቢሮ ብሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ አንዱ ጓደኛዬ ቁጥሩን አይቶ «ይኼ ነገር እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ያየልኝ አልነበረም። ስህተቱ የታወቀው ሰውዬው አጥር ካስገነባ በኋላ ነው፤ ግንቡ የጎረቤት መሬት ገብቶ ቆሟል። የማፍረሻውንም የማስገንቢያውንም ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ ተመለስኩ። ሲሰጡኝ እምቢ ካልኩት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው የተቀበሉኝ። የመጀመሪያው ጠዋት አሁንም ይታየኛል። የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡ ላይ የልጁ ስም አንደኛ፣ የእኔ ዘጠነኛ። ፈረምኩ። ስገባ እሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ቀላ፤ የት እንደሚያይ ጠፋው። «ተቀመጥ» አልኩት። «ዛሬ የት ነው የምንወጣው?» አልኩት። አለቀ። ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ሙሉው ይኼው ነበር።

አሁን ወዳንቺ ሥራ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይኼ ሥራ ለብቻ ተሠርቶ ሲያምር አላየሁም፤ ምክንያቱን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት ምስሉን በነጻ ይሰጥሻል፤ አንዷ ነጥብ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ናት። ሳተላይቱ የሚያሳይሽ ግን አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ እምቦጭ ይሁን ደንገል፣ ወይስ የፎገራ ሩዝ፣ በታንኳ ወይም በጀልባ ሄዶ በእጁ የነካ ሰው ካልነገረሽ በምን ታውቂያለሽ? ነፋስ ደግሞ ያንሳፍፈዋል፤ ትናንት ያየሽው ቦታ ዛሬ ባዶ ነው። ክረምት ሲገባ ደመናው ምስሉን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል-1 የራዳር ምስል ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ይኼ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ለብቻሽ ከሆንሽ ኮምፒውተርሽ ላይ የሚያምር ካርታ ይኖርሻል፤ ልክ መሆኑን የሚነግርሽ ግን የለም። የእኔን አጥር አስቢ።

ህዋ የሚለው ነገር ልብሽን እንደሚነካው ገብቶኛል፤ የኔንም ይነካዋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስታመጥቅ በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሻለሁ። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ዕቃ ነበረች። ያን ቀን ሁላችንም ያየነው ሮኬቱን ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንጦጦ ላይ ተቀምጠው መረጃውን የሚቀበሉት ልጆች ናቸው ሥራውን የሠሩት። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥም በጎጃሙ የቅኔ ቤት ስም የተጠራው የዋሸራ ላብራቶሪ አለልሽ፤ ከራሳችን በላይ ያለውን የላይኛውን አየር የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። በህዋ ሙያ ለመሥራት ባሕር ዳርን መልቀቅም፣ ብቻ መሆንም ግድ አይደለም።

እናትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ኪራይ አይከፍልም። ሰው ስምንት ወር ቤት ስትቀመጪም ሲል ነው የከረመው። ኪራዩን የምትከፍይው አንቺ ከሆንሽ ውሳኔውም ያንቺ ነው። ይኼን በአክብሮት፣ ግን ሳትለሳልሺው ንገሪያቸው። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲገባ ወሬው ራሱ ይረግባል።

አጎትሽ ደግ ሰው ይመስሉኛል። ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ባንክ መሥራት እፈልጋለሁ የሚል አንድም ቃል የለም። ማስተርሱ ይደርሳል፤ ሥራ ላይ ሆነሽ ብታመለክቺ ይሻልሻል። ለብቻ መሥራቱንም ለዘላለም እርሺው አልልሽም። ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ የስድስት ወር ኪራይ አስቀምጠሽ፣ የሚያርምሽ አንድ ሰው ይዘሽ ያኔ እንነጋገር።

ከመፈረምሽ በፊት ግን የሥራ መዘርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ። ደረጃውና ደመወዙ ይጻፍ። ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት፣ እሱም ይጻፍ። ሦስት ዓመት የመራሽው ሥራ በልምድ ተቆጥሮልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተቆጠረ ለምን በይ። መውረድ እና በርካሽ መሸጥ አንድ አይደሉም።

ሌላው፣ ያልሠራሽባቸውን ስምንት ወራት አትደብቂ። ካሮልን የጣላት ኃይሏ መቀነሱ አልነበረም፤ መደበቋ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ሶፍትዌሩ ተቀይሯል፣ እጅሽም ትንሽ ደንዝዟል። የማታውቂውን «አላውቀውም፣ አሳየኝ» በይ። ያስተማርሽው ልጅ ሲያስተምርሽ ደስ ይለዋል እንጂ አይንቅሽም። በስብሰባ መሃል ግን «ድሮ እኛ እንዲህ ነበር የምንሠራው» አትበይ። አስተያየት ካለሽ ለብቻው ንገሪው። ሰው ፊት ቡድኑ የእሱ ነው።

ልጁ አሁን ምን እየተሰማው ይመስልሻል? እኔ ስገባ ብድግ ያለውን ልጅ አስቢው። እሱም ሰኞን እየፈራ ነው። ፍርሃቱን ልታቀልይለት የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ሰኞን አትጠብቂ። እሑድ ከሰዓት ደውይለት፤ ሐይቁ ዳር ቡና ጠጡ። ስለ ሹመት አታውሩ፣ ይቅርታም እንኳን ደስ ያለህም አያስፈልግም። «የደንቢያ ዳርቻ ካርታ የት ደረሰ?» ብለሽ ጀምሪ።