ለኦፍሮድ መኪና ሲቢ ወይስ ሃም ሬዲዮ? ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮሎራዶ ነው። አራት ቤተሰብ ሆነን በየመኪናችን ዩታ፣ ሞአብ አካባቢ አስፋልት በሌለበት እንነዳለን። ስልክ ስለማይሠራ ሬዲዮ ልንገጥም አስበናል፤ ወይ ሲቢ (ለማንም ክፍት የሆነው የአጭር ርቀት ሬዲዮ) ወይ ሃም (በፈተና ፈቃድ የሚወጣበት የአማተር ሬዲዮ)። አንዱ ጓደኛችን «ሲቢ ከነማጉያው ይበቃል» ይላል። ሌላው ርካሽ የሃም የእጅ ሬዲዮ ገዝቶ «ለድንገተኛ ከሆነ ፈቃድ አይጠየቅም» ይለናል። እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ? ባለቤቴስ ልታወራበት ትችላለች? በአማርኛ ማውራትስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አማርኛ ይፈቀዳል። በሃም ሬዲዮ በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ የሚገደዱት ከፈቃዱ ጋር የሚሰጥዎትን መለያ፣ ማለትም የጥሪ ስምዎን (ኮል ሳይን) ብቻ ነው፤ እሱንም ቢዘገይ በየ10 ደቂቃውና ንግግሩ ሲያበቃ። የተከለከለው መልእክቱን ለመሸሸግ ታስቦ የተሠራ ኮድ ነው። አጠገብዎ ያለው ሰው አማርኛ አለመስማቱ ቋንቋውን ኮድ አያደርገውም።

ሲቢ ፈተናም፣ ክፍያም፣ የዕድሜ ገደብም የለውም። ይህ ማለት ግን ፈቃድ የሌለበት ነው ማለት አይደለም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍ.ሲ.ሲ.) ደንቡን ለሚያከብር ሁሉ በደንቡ በራሱ ፈቃድ ሰጥቷል። ደንቡ ደግሞ ጠባብ ነው፦ ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ 40 ቻናል፣ በኤ.ኤም. እና ከ2021 ጀምሮ በተፈቀደው ኤፍ.ኤም. 4 ዋት፣ በነጠላ ሳይድባንድ (ሌላው የአስተላለፍ ዘዴ) 12 ዋት። ቻናል 9 ለድንገተኛ ጥሪና ለመንገደኛ እርዳታ የተተወ ነው። አንድ ንግግር ከ5 ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ከዚያም ቢያንስ 1 ደቂቃ ዝም እንድትሉ ይጠበቃል። የጓደኛዎ ማጉያ (ሊኒየር) የሚያበላሸው ይሄኔ ነው። ማጉያ የተሰካበት ሲቢ ከደንቡ ስለወጣ ያ ነፃ ፈቃድ አብሮ ይጠፋል፤ ጉዳዩም ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ይሆናል። የዚህ ጥፋት መነሻ ቅጣት በኤፍ.ሲ.ሲ. ሰንጠረዥ 10,000 ዶላር ነው፤ እንደ ሁኔታው ከፍም ዝቅም ይላል። «ባለ 10 ሜትር ሬዲዮ» (ለሃም የ10 ሜትር ሞገድ) ተብለው የሚሸጡና በውስጣቸው ሽቦ ተነካክቶ ወደ ሲቢ ቻናል የሚወርዱትም ዕጣቸው ያው ነው፤ ለሲቢ የኤፍ.ሲ.ሲ. ማረጋገጫ የላቸውምና።

ከሕጉ ትንሽ ልውጣና፣ ለማጉያ የታሰበው ገንዘብ ለአንቴና ቢውል ይሻላል። ማጉያ የእናንተን ድምፅ ያጮኸዋል እንጂ የሌላውን አያሰማችሁም። ደንቡ በመኪና ላይ ያለ የሲቢ አንቴናን ርዝመት አይገድብም፤ ሙሉው የሩብ ሞገድ ዘንግ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው አንቴናው በትርፍ ጎማው ማንጠልጠያ ላይ ሲታሰር ነው። ማጠፊያውና ቀለሙ የብረት ለብረት ግንኙነቱን ስለሚቆርጡት ኃይሉ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ቀለሙን ፍቆ ከሻንሲው ጋር በወፍራም የተጠለፈ ሽቦ ማያያዝ፣ ከዚያም ማይኩን ከመጫን በፊት በኤስ.ደብሊው.አር. ሜትር (ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል በሚያሳይ መለኪያ) መለካት ያስፈልጋል። ንባቡ ከ2 በታች ካልሆነ አይጠቀሙበት።

ወደ ሃም እንምጣ። «ለድንገተኛ ፈቃድ አይጠየቅም» የሚለው ወሬ መነሻው የኤፍ.ሲ.ሲ. የሃም ደንብ በሆነው ክፍል 97 ውስጥ ያሉ ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንቀጾቹ የሚሉት የሰው ሕይወት ወይም ንብረት ወዲያው አደጋ ላይ ሲወድቅና ሌላ መገናኛ ሲጠፋ የአማተር ጣቢያ ያለውን ዘዴ ሁሉ ቢጠቀም ደንቡ አይከለክለውም ነው። ገደል ገብቶ እየደማ ያለ ሰው እርዳታ ቢጠራ የሚከሰው የለም። ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር፣ «የት ደረስክ?» ለማለት ወይም ሬዲዮው መሥራቱን ለመሞከር ግን ይህ አንቀጽ አይሠራም። ሰው ቀድሞ ሞክሮት የማያውቀው ሬዲዮ ደግሞ በአደጋው ቀን ያሳፍረዋል።

ፈቃድ ያለውም ቢሆን በማንኛውም ፍሪኩዌንሲ መግባት አይችልም። በ2021 አይዳሆ ውስጥ አንድ ባለ ፈቃድ የሃም ተጠቃሚ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሚነጋገሩበት ፍሪኩዌንሲ ገብቶ አናገራቸው። ኤፍ.ሲ.ሲ. በ2022 የ34,000 ዶላር ቅጣት ሐሳብ አቀረበበት።

በግሪን ካርድ ማውጣት ይችላሉ፤ ዜግነት አይጠየቅም። የሚከለከለው የውጭ መንግሥት ወኪል የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ ኮርስ በሚባለው የኤፍ.ሲ.ሲ. ድረ ገጽ ተመዝግበው ኤፍ.አር.ኤን. የሚባለውን የምዝገባ ቁጥር ይውሰዱ። ከዚያ የቴክኒሺያን (የመጀመሪያው ደረጃ) ፈተና አለ፤ 35 ጥያቄ፣ ማለፊያው 26። ስታልፉ የክፍያ መልእክት በኢሜይል ይመጣል፤ 35 ዶላሩን በ10 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ ማመልከቻው ይሰረዛል። ፎርሙ ላይ ስለ ወንጀል ጥፋተኝነት ያለውን ጥያቄ በእውነት ይመልሱ፤ ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ ያስጥላል። የፖስታ አድራሻዎ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢሰጡ ይመረጣል። ፈተና ማለፍ ፈቃድ አይደለም። የጥሪ ስምዎ በኮሚሽኑ መዝገብ ላይ እስኪወጣ ማይኩን አይንኩ። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ይቆያል።

ባለቤትዎ በእርስዎ ሬዲዮ ማውራት ትችላለች፤ እርስዎ አጠገቧ ሆነው መሣሪያውን የሚቆጣጠሩ ከሆነ። እርስዎ ከፊት፣ እሷ ብቻዋን ከኋላ ባለው መኪና ከሆነች ግን የራሷ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ከመካከላችሁ አንዱ ሰው እያስከፈለ የሚመራ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ሥራ ሃም አይጠቀም፤ የገንዘብ ጥቅም ያለበት ንግግር ክልክል ነው። ሲቢ ለንግድም ይፈቀዳል።

ለእናንተ ዓይነት ጉዞ እኔ የምመርጠው ሁለቱም ጓደኞችዎ ያላነሱትን ጂ.ኤም.አር.ኤስ. (በፈቃድ የሚሠራ የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት) ነው። ፈተና የለውም፤ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት ያወጣል፣ በዋና ቻናሎቹ ላይ እስከ 50 ዋት ይፈቀዳል። የጥሪ ስሙን እዚህም በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ንግግሩ ሲያበቃና ሲረዝም በየ15 ደቂቃው። አንዱ ፈቃድ ቤተሰቡን ይሸፍናል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ አማች ጭምር። የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ ኤፍ.ሲ.ሲ. ዘንድ ግን የራሱን 35 ዶላር ይከፍላል። አራታችሁ ጓደኛሞች ከሆናችሁ አራት ፈቃድ፣ 140 ዶላር ነው። ሬዲዮው ለዚሁ አገልግሎት ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት። የሃሙ የእጅ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን መያዝ ቢችልም በዚያ ላይ ማሠራጨቱ ሕገወጥ ነው።

የክልሎቹን ሕግም አይርሱ። እየነዱ ስልክ መያዝን የሚከለክሉ ሕጎች የሬዲዮ ማይክን ይጨምሩ አይጨምሩ የሚወሰነው በትርጓሜ ክፍላቸው ነው፤ የምታልፉበትን ክልል ያንን ክፍል ብቻ አውጥታችሁ አንብቡ። ኒው ዮርክ ደግሞ የፖሊስን ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ሬዲዮ መኪና ላይ መግጠምን ይከለክላል፤ የሃም ፈቃድ ያለውን ግን ነፃ ያደርጋል። ወደዚያ የምትነዱ ከሆነ የፈቃዱን ቅጂ ከመኪናው ሰነድ ጋር ያኑሩት።